ኦልሬዲ የተሠራው ድልድያችን

ለክቡር አቶ ገነነ፣ የወረዳችን የመንገድ ሥራ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ እንከን የማይወጣለት፣ ዕድሜዎም እንደ ዕቅድዎ ማጠናቀቂያ ጊዜ የሚራዘም ይሁን። እኛ ከወንዙ ማዶ ያለን ገበሬዎች ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ደህና ነን።

ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈው፣ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ «ኦልሬዲ ወጥተዋል» ስለምትለኝ ነው፤ ድምፅዎ ከውስጥ እየተሰማ።

1ኛ. አምና በጥር ስብሰባ፣ ጎርፍ የወሰደው ድልድያችን ሲነሣ «ኦልሬዲ ተሠርቷል» ብለው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። ከስብሰባው ስንመለስ ወንዙን የተሻገርነው ግን ሱሪያችንን ሰብስበን ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መልካሙ ቃሉን ሲፈታልን፣ አንድ ነገር ከታሰበው ቀድሞ ማለቁን ያሳያል አለን። በእርስዎ ዘንድ አገልግሎቱ ሰፋ ያለ መሆኑን ከወንዙ ዳር ሆነን ተረድተናል፤ ያልተጀመረንም ይጨርሳል።

2ኛ. ቃሉ ወረዳውን አዳርሷል። ጎረቤታችን ጌታሁን ለደቦ ሲጠራ ከመደቡ ሳይነሣ በስልክ ኦልሬዲ መጥቻለሁ ይላል፤ የቡሬ ባጃጅ ነጂም ሻዩን እያማሰለ ኦልሬዲ ደርሻለሁ ይለናል። ስንወቅሳቸው፣ ኃላፊው ሲሉት ያጨበጨባችሁ እኛ ስንለው ምን አንገበገባችሁ ብለው አፋችንን ያስይዙናል። የእነሱ መዘግየት ግን ቢበዛ ማሳችንን አረም ያስወርሰዋል እንጂ ሰው አይቀብርም።

3ኛ. የኔታ ቴዎፍሎስ፣ ሰው ማማት የማይወዱ መምህር ናቸውና፣ ነገርዎን በመልካም ሊተረጉሙት ደከሙ። ነቢያት የሚመጣውን እንዳለፈ አድርገው ይናገራሉ፤ ኢሳይያስም ሕፃን ተወልዶልናል ያለው ገና ሳይወለድ ነው፤ ምናልባት አቶ ገነነም ይህ ጸጋ ተሰጥቷቸው ይሆናል አሉ። ብቻ ነቢይ በትንቢቱ አበል አይቀበልም ብለው ጨመሩ።

4ኛ. አምና በነሐሴ ያምሮት የምትባለውን የመንደራችንን ሴት ምጥ ያዛት። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ በወዲያኛው ዳር መብራቱን አብርቶ ቆሞ ይታየናል፤ እኛም ለእሱ እንታየዋለን። ውኃው እስኪጎድል ጠበቅን። ሲጎድል እናቲቱ ተሻገረች፤ ልጁን ግን ከዚህኛው ዳር ቀበርነው። ለዚህ የሚሆን ምስጋና ብፈልግ አጣሁ።

ዘንድሮም በጥር ያንኑ ቃል ደገሙልን። አሁን ግንቦት ነው። የጎረቤታችን የእንዳለው ባለቤት አደይ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ነሐሴ ላይ ይውላል። እርሷ እንደ እርስዎ አልታደለችም፤ ሳትወልድ ወልጃለሁ ብላ መገላገል አትችልም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሪፖርቱን እንዲያርሙ አንለምንም፤ ሪፖርቱ እንዳለ ይቀመጥ፤ ድልድዩ ብቻ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይምጣና ይድረስበት።

እጅ በመንሳት፣ ወንዙ እስከፈቀደልን ድረስ የእርስዎ ታዛዥ የሆንኩ፣
ስመኘው ባንተአምላክ
ከማዶ

ታክሎ፦ ድልድዩን ሳናስመርቅ መቆየታችን ነውር ስለሆነብን፣ ለሐምሌ ሚካኤል ማግስት ደግሰን እንጠብቅዎታለን። ሪባኑን የምናስረው በእኛ በኩል ነው፤ ተሻግረው ይቆርጡልናል። ዋናተኛ አላዘጋጀንም፤ ድልድይ እያለ ዋናተኛ ማቆም የክቡርነትዎን ቃል መጠራጠር ይሆንብናል።