ከነላስቲኩ ስለተገመገመው የመጽሐፍ ማንበቢያ

ለተከበሩ አቶ ወዚር፣ የንባብ ቤታችን ኃላፊ
ሮቤ

ጉዳዩ፦ የታዘዝኩትን ግምገማ ከውሳኔው በኋላም ቢሆን ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የዘንድሮው የባሌ ብርድ እንዳይጎዳዎ፣ ጓንትዎም ከእጅዎ እንዳይለይ አላህን እለምናለሁ። ጓንቱ ስለሠራው ታላቅ ሥራ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

እኔ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ ስሆን፣ ንባብ ቤቱ በእርዳታ ያገኛቸውን በጣት እየተነኩ የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎች ቤታቸው ወስደው እንዲሞክሩና አስተያየት እንዲሰጡ ከተመረጡት አንባቢዎች አንዷ ነበርኩ። አስተያየቴን ሳልሰጥ ዕቃዎቹ ተሰብስበው፣ ኮሚቴዎ «ለአገልግሎት ብቁ አይደሉም» ብሎ ወስኖ፣ ሁሉም ግምጃ ቤት ገብተው እንደተቆለፈባቸው ሰማሁ። አንባቢ ሳይጠየቅ ውሳኔውን ጨርሰው ድካሜን ስላቃለሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቢሆንም አደራ መብላት አልወድምና ግምገማዬ እነሆ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው «ሲነካ አይሰማም» ብሏል። እውነት ነው። ዕቃው ሲሰጠን ከመጣበት ወፍራም ላስቲክ እንዳናወጣው ታዝዘን ነበር፤ የንብረት ቁጥሩም በላስቲኩ ላይ፣ ልክ ጽሑፉ በሚታይበት መሀል ላይ ተለጥፏል። እኔም የቴሌቪዥኔን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልዬ የምኖር ሴት ስለሆንኩ ሐሳብዎ ገብቶኛል። ሪሞት ግን ቁልፍ ስላለው በላስቲክ ላይም ሲጫኑት ይታዘዛል፤ ይህኛው የሚሰማው የሰው ጣት ብቻ ነው። እርስዎና የኮሚቴው አባላት በዚያ የጠዋት ውርጭ ጓንት እንዳጠለቃችሁ፣ በላስቲኩ ላይ በየተራ እየተጫናችሁ እንደመረመራችሁት ስሰማ፣ ለሕዝብ ንብረት ያላችሁ ጥንቃቄ አስደነቀኝ። እኔ ደፋሯ ግን ላስቲኩን ቀድጄ አወጣሁት፤ ወዲያው ሠራ።

ሁለተኛ፣ «ጥሪ አይቀበልም፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ፎቶ አያነሳም» ተብሏል። በዚህ ሚዛን ከሆነ መደርደሪያዎ ላይ ያሉት መጻሕፍትም በሙሉ ግምጃ ቤት መግባት አለባቸው፤ እስካሁን አንዳቸውም ስልክ ሲያነሱ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ሚዛናዊ እንድሆን እውነተኛ ጉድለቱንም ልናገር። ርካሽ ዕቃ ነው። ይዘገያል፤ ገጽ ሲገለጥ ጥቁር ብሎ ይመለሳል፤ ጣት ሳይታሰብ ከነካው ገጽ ዘሎ ይሄዳል፤ የራሱ ብርሃን ስለሌለው መብራት ሲጠፋ እንደማንኛውም መጽሐፍ ይጨልማል። አንድ ነገር ግን ያውቅበታል፤ ፊደል ማሳደግ።

አራተኛው የእናቴ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እናቴ አዴ ዙቤዳ ዕድሜዋን ሙሉ አንባቢ ነበረች። ዓይኗን ግላኮማ ከያዛት ወዲህ ግን የመጽሐፍ ፊደል አልታይ ስላላት፣ መጻሕፍቷን አቧራቸውን እየጠረገች መልሳ ከማስቀመጥ በቀር ምንም አታደርጋቸውም ነበር። በዚህ ማንበቢያ ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳድጌ ስሰጣት በአንድ ገጽ የሚገባው ጥቂት ቃል ብቻ ሆነ፤ እሷ ግን አነበበች። ከዐስር ሶላት በኋላ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ልቦለዷን ታነባለች፤ ጎረቤታችን አዴ ጂቱም ከጎኗ ተቀምጠው፣ በአማርኛ ያነበበችውን በኦሮምኛ ስትመልስላቸው ያዳምጣሉ። የባለታሪኳን ባል ሁለቱም አንድ ላይ ይራገሙታል። ልጅቷ ትታው ትሂድ ወይስ ትቅር ሳይታወቅ ግን ዕቃው «ለምርመራ» ተወሰደ። አዴ ጂቱ መጨረሻው ምን ሆነ እያሉ አሁንም ይመጣሉ።

ሐኪሙ የቀረላት ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ነግሮናል፤ እሷም ታውቃለች። ተናድጃለሁ፣ አቶ ወዚር፤ በጣም ተናድጃለሁ። ማንበቢያው ተቆልፎ ዓመት ቢቀመጥ እንደ አዲስ ይጠብቅዎታል፤ የእናቴ ዓይን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልቦለዷን እስክትጨርስ ድረስ ላስቲኩ የተቀደደውን፣ ከእንግዲህ ለግምጃ ቤቱ ክብር የማይመጥነውን ያንኑ ዕቃ ያውሱን። ዋስ ካስፈለገ ራሴ እፈርማለሁ፤ ጉዳት ቢደርስበትም ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የንባብ ቤቱን ንብረት ከአንባቢ እጅ ለመጠበቅ እንቅልፍ የማይወስድዎ ኃላፊ ስለሆኑልን እጅ እየነሳሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ቁልፍዎም እንዳይጠፋ ከልብ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
መርዋ አብዱልመሊክ

ግልባጭ፦
ለግምገማ ኮሚቴው አባላት፣ በጓንትም ቢሆን ሊገልጡት እንዲችሉ በወረቀት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ እናቴ ዕቃው መቼ እንደሚመለስ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ተቆልፎበታል ብዬ ለመንገር አፌ እምቢ ብሎኛል። እባክዎ ቤታችን ብቅ ብለው እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ሲነግሯትም አይፍሩ፤ ቢያፍሩም ግድ የለም፣ ፊትዎን ለይታ አታይም።