ስትሄጂ የተነፈግሽው ቃሬዛ

እማዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየሽን የሰዓዳን ዕድሜ ያህል ሆነ። ሌላ መቁጠሪያ የለኝም፤ እሷ አንድ ዓመት በጨመረች ቁጥር አንቺም አንድ ዓመት ትርቂያለሽ። ያኔ በጨርቅ ጠቅልለው እቅፌ ላይ ያስቀመጧት እህቴ ዛሬ ባለትዳር ናት። ቁመቷ እንዳንቺ አጭር ነው፣ ምላሷ ደግሞ እንደኔ ረጅም። የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው። ሰሞኑን ልናጣት ነበር።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። አባዬ እዚያው ተራራው ላይ ቤታችን ውስጥ ነው፣ ደህና ነው፤ ዓይኑ ደከመ እንጂ ሱብሂን መስጊድ ሳይሰግድ አይውልም። እኔ ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሁለቱንም ልጆቼን እዚሁ ወለድኩ። ምጡ ሲመጣ ባጃጅ ተጠራ፣ የተጣደው ሻይ እንኳ ሳይፈላ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ሰዓዳ ግን ያገባችው አንቺ በኖርሽበት በአምባሰል ተራራ ላይ ነው። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ እኔን ባጃጅ ይጠብቀኛል፣ እሷ የሰው ትከሻ ትለምናለች። መኪና መንገዱ እስከ ታችኛው ወንዝ መጥቷል፣ አምቡላንስም እስከዚያ ይመጣል፤ ከወንዙ በላይ ያለችው ሴት ግን ዛሬም ባንቺ ዘመን ናት። ይህ ነገር ያናድደኛል እማዬ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ፣ መውለጃሽ ሳይደርስ ወርደሽ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ተቀመጪ ብላ ሰዓዳን ደጋግማ ነግራት ነበር። ሰዓዳ እምቢ አለች። የቀዬው አሮጊቶች፣ ዱበርቶቹ፣ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ሳያደርጉልኝ፣ ሆዴን ዳብሰው ሳይመርቁኝ ንቅንቅ አልልም አለች። በስልክ ጮህኩባት። እሷም፣ እናት የሌለው ሰው ምርቃት ከየት ያምጣ ብላ አፌን አስያዘችኝ። እውነቷን ነው፤ እየተቀባበሉ ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ወዳጃው ሐሙስ ተደርጎ፣ ዓርብ ይዣት እንድወርድ ተስማማን።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስደርስ ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሏል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አለችኝ። አማቷ ፀሐይ መትቷት ነው አሉ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የደም ግፊቷን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ፤ አሁኑኑ ካልወረደች እሷም ልጁም አይተርፉም አለች። አምቡላንስ ተጠራ። እስከ ወንዙ ግን ማን ያድርሳት? በእግሯ መሄድ አትችልም፣ በቅሎ ላይ ብናወጣት ራሷን ስታ ትወድቃለች።

ያኔ ከወንዶቹ አንዱ፣ አልጋ እንፈልግ አለ።

እማዬ፣ ይቺን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቻታለሁ። አንቺ ሰዓዳን ወልደሽ ደምሽ አልቆም ሲል፣ ቃሬዛው መስጊዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። የጀናዛ፣ የሬሳ መሸኛ ነው፣ በሕይወት ያለ ሰው ቢተኛበት ሟርት ነው ብለው ተዉት። አልጋ ፍለጋ ከቤት ቤት ዞሩ። የአንዱ ከበር አልወጣ አለ፣ የሌላው ጠፍር ተበጥሷል። በመጨረሻ ያገኙትን በገመድ ጠፍረው ተሸከሙሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ገመዱ እየላላ ስንት ጊዜ መሬት አወረዱሽ። ሐይቁ ከሚታይበት ዋርካ ስር ስትደርሺ ነፍስሽ ወጣች። ከዚያ አንዱ ሮጦ ቃሬዛውን አመጣልሽ። ስትሄጂ የተነፈግሽው ስትመለሺ ተፈቀደልሽ። ክፉ ሰው አልነበረም መሀላቸው፤ ሁሉም ይወዱሽ ነበር፣ ሁሉም አለቀሱልሽ። ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጥቼ የኖርኩት ለዚህ ነው።

ያችን ዋርካ በሌላም አውቃታለሁ። ሐይቅ ገበያ ስንወርድ ጥላዋ ስር ታስቀምጪኝና በሻርፕሽ ጫፍ እግሬን ትጠርጊልኝ ነበር። እስከዚያ በዘንቢል ይዘሽው የመጣሽውን ኮንጎ ጫማ አውጥተሽ ታደርጊልኛለሽ፤ አቧራ ለብሰን ከተማ አንገባም ትያለሽ። ያንቺ እግር ጫማ እንዳልነበረው ያስተዋልኩት ከሞትሽ በኋላ ነው።

ቃሬዛውን አምጡ ብዬ ጮህኩ። ዓረብ አገር ያበላሻት ናት የሚል ዓይን ከየአቅጣጫው መጣብኝ። ሰዓዳ ራሷ ሳልሞት አታስተኙኝ ብላ የበሩን መቃን አንቃ ያዘች። አማቷ ማልቀስ ጀመሩ። ባሏ ሰይድ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን ያያል። ጊዜው ይሄዳል።

ያዋለዱሽ እማ ዘምዘም ትዝ ይሉሽ ይሆናል። አሁን የዱበርቶቹ አለቃ ናቸው፣ ያለ ምርኩዝም አይንቀሳቀሱም። ለወዳጃው ከተቀመጡበት አጎዛ ተነሡና ወንዶቹን፣ "ሴት ጀናዛ ትከተላለች ወይ?" ብለው ጠየቁ። አትከተልም አሏቸው። "እንግዲያ እኛ እንከተላታለን። ሴት የተከተለችው ጀናዛ አይደለም። አምጡት በሉ!"

ሰይድ ወደ መስጊዱ ሮጠ። ዱበርቶቹ የደረቡትን ፎጣ እያወረዱ ቃሬዛው ላይ አነጠፉ፤ ሰዓዳም የእማ ዘምዘምን እጅ እንደያዘች ተኛች። ወዳጃው እዚያው መንገድ ላይ ተደረገ። ወንዶቹ ተሸክመው ከፊት፣ አሮጊቶቹ ከኋላ፣ አንዷ ዱዓ ስታደርግ ሌሎቹ አሚን እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱት። በምርኩዝ ያልሆነላቸው በመቀመጫቸው ይንሸራተቱ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያኔ ግን ዓይኔን ከሰዓዳ ፊት ማንሣት ፈራሁ። ዋርካው ጋ ወንዶቹ ትከሻ ለመቀየር ሊያወርዷት ሲሉ፣ እማ ዘምዘም መሬቱን በምርኩዛቸው መትተው እዚህ አትወርድም አሉ። እየሄዱ ተቀያየሩ።

ወንዙ ጋ ልንደርስ ስንል ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አረፋ ደፈቀች። በቃ፣ ሄደች አልኩ። የአምቡላንሷ ነርስ ወንዙን ተሻግራ መጥታ መርፌ ወጋቻት። ደሴ ሆስፒታል እንደደረስን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። በሩ ላይ ቆሜ የለመንኩትን አላህ ያውቃል። ሐኪሟ ወጥታ፣ ትንሽ ብትዘገዩ አንደርስላትም ነበር አለችን። ያቺ ትንሽ፣ ላንቺ አልጋ ሲፈለግ ያለፈችው ጊዜ ናት እማዬ።

ሰዓዳ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ወንድ ነው፤ አፍንጫው ያንቺው ነው፣ ምስኪን፣ ሲያድግ ይሻሻልለት ይሆናል። ዱበርቶቹም ከእንግዲህ ሴቶቹ አስቀድመው ይውረዱ፣ ወዳጃውን እኛ ማቆያው ድረስ ሄደን እንቀመጣለን ብለዋል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ቀላል መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። መንገዱ ግን አሁንም ወንዙ ላይ እንደቆመ ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሱቄን ዘግቼ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ምላሳም ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ቃሬዛውን ወደ መስጊዱ የመለሰው ሰይድ ነው። ተሸክሞ ሲያልፍ አባዬ የሰዓዳን ወሬ እየጠበቀ ደጅ ተቀምጦ ነበር። በዚያ በደከመ ዓይኑ ቃሬዛውን ሲያይ ማን ሞተ ብሎ ተነሣ። ማንም አልሞተም አለው ሰይድ። አባዬ ተመልሶ ተቀመጠና አንቺን ከቀበረ ወዲህ አልቅሶት የማያውቀውን ለቅሶ አለቀሰ።

አልረሳሽም እማዬ። አልጋ እንፈልግ የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ፋጡማ እላለሁ፣ ቃሬዛው እስኪመጣ ድረስ።

ልጅሽ ሀዋ