ጣቢያው አይሸጥም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ እንደ ድሮው ነው።

በስልክ «የቆዳ ፋብሪካውን ባለቤት ይቅርታ ጠይቂና የሬዲዮ ጣቢያውን ሽጪለት» ካልከኝ ወዲህ ሆዴ ተቃጥሏል። ከሄድክ በኋላ የሆነውን ሁሉ ስላልሰማህ ነው ብዬ ይኸው እጽፍልሃለሁ።

አባባ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያችን ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ስንለጥፍ አንተም ነበርክ። የጠፋ ላም፣ የሞተ ሰው፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅ ሁሉ በእኛ ይነገር ነበር። አባባ ካረፈ በኋላ የቆዳ ፋብሪካው ባለቤት ትልቁ ማስታወቂያ አስነጋሪያችን ሆነ፤ ሕንፃውንም ገዛው።

ባለፈው በጋ ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ እጇ ተልጦ መጣች። «ፋብሪካው ወንዙ ውስጥ የሚለቀው ውሃ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ እናንተ ካልተናገራችሁልኝ ማን ይናገርልኛል?» አለች። ማይክሮፎኑን ሰጠኋት። ተናግራ ሳትጨርስ ሰውየው ደወለ። «ነገ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ አለዚያ ማስታወቂያዬንም ክፍሌንም እወስዳለሁ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ድምጿን ደግሜ አስተላለፍኩት። ከሰዓትም ደገምኩት!

ያለውን አደረገ። ሌሎች ነጋዴዎችም ፈርተው ሸሹን፤ ዕቃችን ደረጃው ሥር ተጣለ። ሰዉ «አለቀላቸው» ሲል፣ ዕድሜ ልኳን በጩኸታችን ስታማርር የኖረችው እማዬ «ጓዳዬን ባዶ አድርጉት» አለች። ልብስ ሰፊው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ልብስ አጣቢዋ ከታች ገመድ ያዘች፣ አንቴናውን አቆምነው። ቆርቆሮው ስለተበሳ ሲዘንብ ባልዲ ደቅነን ዜና እናነባለን።

መጀመሪያ የተመለሰው ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ፋብሪካው የሰው ፀጉር አይቆርጥ፣ ምን ያደርገኛል?» ብሎ ማስታወቂያ አስነገረ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከዚያ ጎሚስታው ተከተሉ። አሁን ወንዙን የሚመረምሩ ሰዎች መጥተዋል፤ ሰውየው ድንገት «ልግዛችሁ» ያለው ለእኛ አዝኖ እንዳይመስልህ። የሚፈልገው ዝም እንድንል ነው። እኔ ደግሞ በቁሜ ዝም አልልም።

አንተ ታላቄ ነህ፤ አባባ የተወልን ለሁለታችን መሆኑንም አልክድም። ድርሻህን መሸጥ ከፈለግህ ግን በእኔ በኩል አይሆንም። ራስህ ና፤ ማይክሮፎኑ ፊት ቁጭ በልና ለልብስ አጣቢዋ በአየር ላይ ንገራት።

ባለቤትህን በጣም ሳምልኝ፤ ትልቁን ልጅህን በርታ በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ «ሹራብ ሳይለብስ እንዳይወጣ» ብላሃለች።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከእማዬ ጓዳ፣ ከአዲሱ ስቱዲዮ
ሰኔ 4 ቀን