ግድግዳ ውስጥ የተቀረቀረው ጭራቅ

እሑድ፣ የካቲት 8

የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ አባዬ ብዙም አያወራም። ዛሬ ከሰዓት ያቺን ርካሽ የጭራቅ ተኩስ ጌሜን ስጫወት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጌሟ ጉደኛ ናት፤ ጭራቆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው የሚጮኹት፣ ጠመንጃዬም ከእጄ ተለይቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በቃ እወዳታለሁ። አንዱ ጭራቅ እንደ ልማዱ ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይንፈራገጥ ጀመር።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አለ አባዬ።

«ሠሪዎቹ ተሳስተው ነው። በሩን አያገኘውም።»

ላነጣጥር ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይው፣ ድሮ በሩ እዚያ ይሆናል የነበረው» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ይሄን ስጽፍ ሌሎቹን እያሳደደ ይተኩሳል። ያንን ግን እስካሁን አልነካውም።