ሳይከብደኝ «ከበደኝ» ያልኩህ

ተስፋዬ ሆዴ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ደህና ነን እንዳልልህ እኔ ደክሞኛል። ልጃችን ማርታ ለትምህርት በርገን ከተማ ሄዳለች፤ ፉሩሴት ሰፈር ያለው ቤታችን ሰፋብኝ። አሁንም ያንኑ ትምህርት ቤት አጸዳለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ግን መስኮት ለመወልወል አልነሳ ብሏል።

ማርታ በስልክ ስትነዘንዘኝ፣ ባለፈው ሳምንት አብራህ አኩፓንክቸር፣ ያን የመርፌ ሕክምና፣ የተማረችው ኢንግሪድ ዘንድ ትቬይታ ሰፈር ሄድኩ። የመጀመሪያው መርፌ ሲገባ ምንም አልተሰማኝም፤ እውነቱን ነገርኳት። አልቸኮለችም። መርፌውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ወዲህና ወዲያ አዞረችው፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ጠበቀች። ከዚያ ደንዘዝ ያለ ክብደት ከትከሻዬ ተነስቶ እስከ ትንሿ ጣቴ ወረደ። ውጋት አይደለም፤ ክንዴ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ሆነ። ያኔ አንተ ስትጠይቀኝ የነበረው ይህን ነበር ለካ።

ለፈተና ስትዘጋጅ፣ ገና ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ አስተኝተኸኝ ክንዴ ላይ ትለማመድ ነበር። ከበደሽ ወይ፣ ደነዘዘሽ ወይ ትለኛለህ። እኔ ዓይኔን መግለጥ አቅቶኝ፣ ቶሎ ነቅለህ እንድትተወኝ ብዬ ከበደኝ እልሃለሁ። አገር ቤት ነርስ የነበርክ ሰው፣ እዚህ ሰው አገር ስንት ዓመት ወለል ስትወለውል ኖረህ እንደገና ተማሪ ስትሆን፣ እኔ ያገዝኩህ በውሸት ነው። ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ይህንኑ ለኢንግሪድ ነገርኳት። ክብደቱ ሲመጣ ሥጋው መርፌውን ጨብጦ እንደሚይዘው፣ ያም ለወጊው ጣት እንደሚታወቀው አስረዳችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ተስፋዬ ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ክፍል ውስጥ ነግሮናል። ሚስቴ ከበደኝ ትላለች፣ መርፌው ግን ላላ ያለ ነው፤ ደክሟት ነውና ነቅዬ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ ብሏል።»

አለቀስኩ። ያመመኝ መስሏት ልትነቅለው ስትል፣ ተዪው አልኳት። ስነቃ ላዬ ላይ የማገኘውን ብርድ ልብስ ማርታ የምታለብሰኝ ይመስለኝ ነበር፣ ተስፋዬ። አንድም ቀን አላሳፈርከኝም።

ትከሻዬ ገና አልዳነም፤ ሐሙስ እመለሳለሁ። ከእንግዲህ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ። እስካለሁ ድረስ አንተን የማስብህ እንደዚያ ነው።

ያንተዋ አልማዝ