የለቅሶ ቤት ሞተሮች ቁልፍ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ሞተሬን አጠብኩ። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ። ሞተር መፍታት ማንም አላስተማረኝም፤ ማንበብም እንደዚያው። ትርፌ ከጓሮ ሆና "የሜላት አባት፣ እሱን እንደምታጥበው አንድ ቀን ጀርባህን ብትታጠብ ምን ነበረበት" አለችኝ። ሚስቴ ናት፣ ትናገር።

ነገ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ለቅሶ አለ። ትልልቅ ኪስ ያለውን ካፖርት አውጥቼ ሰቀልኩ። በእድራችን የሞተር ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ ራሴ ጀመርኩት። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቁልፍ አይነቅልም። እየጮኸ ይመጣል፣ ሞተሩን እንደነገሩ ያቆማል፣ ደረቱን እየደቃ ይገባል። ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ሌባ ደግሞ ይህን ያውቃል። ከኋላ እየዞርኩ መሪውን እቆልፍና ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ። የቤንዚኑንም መዝጊያ እዘጋለሁ። ለቀስተኛው ሲወጣ ፊቱን አይቼ የራሱን እሰጠዋለሁ። ምልክት የለ፣ ጽሑፍ የለ። ፊት አልረሳም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

በሰላም አለፈ። ኪሴ ሊቀደድ ደረሰ። ስራመድ ይንሿሿል፣ ሴቶቹ "ኤርካሎ መጣ" ይባባላሉ... ደስ ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ?

አንድ ነገር ብቻ። አንድ አስተማሪ ቁልፉን ፈልጎ ሲያጣኝ ቆሞ ጠብቋል። ሽንቴን ልሸና ሄጄ ነበር። ሽማግሌ አይሸናም? ወሬውን ያነሳው ጌታሁን ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሲዞር ኖሮ አምና ሶዶ ተመለሰ፣ ዘንድሮ እድር ገባ። "ጋሽ ኤርካሎ፣ እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ይሄ ሁሉ ቁልፍ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?" አለኝ፣ በሰው ፊት።

"አልታመምም" አልኩት።

ሳቁ። በማን ነው የሳቁት?

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከአምልኮ መልስ የእድር ስብሰባ። ጌታሁን የዘይት ቆርቆሮ ቆራርጦ፣ በስቶ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎበት መጣ። ጥንድ ጥንድ። አንዱ ሞተሩ መሪ ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱን ባለቤቱ ይይዛል። ቁጥሩን ያመጣ ቁልፉን ይወስዳል። እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አዩት፣ አገላበጡት። ከዚያ አጨበጨቡ። ለቆርቆሮ!

"ቁጥሩን ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣስ?" አልኩ።

"ሰው ቁጥሩን ይጠብቃላ፣ ጋሼ።"

"ለቅሶ ላይ?"

የእድሩ ዳኛ ክብረት እጄን ያዘኝ። "አባታችን፣ ብዙ ደክመውልናል። አሁን ይረፉ።"

ይረፉ... ይህ የሞተ ሰው አይደለም እንዴ የሚባለው?

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ትርፌም "እረፍ" አለችኝ። ራት አልበላሁም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ከመናኸሪያው ጀርባ ለቅሶ። ጌታሁን ቁልፎቹን በሽቦ ቀለበት ሰክቶ ትከሻው ላይ አንግቷቸዋል። ሁሉም ወደ እሱ። "ጌቾ፣ የኔን ያዝልኝ"፣ "ጌቾ፣ ጥሩ ቁጥር ስጠኝ፣ ሎተሪ ይወጣበት ይሆናል።" ለቅሶ ቤት በር ላይ ይቀላለዳሉ። በእኔ ጊዜ ማን ይቀልድ ነበር? ይፈሩኝ ነበር። መፍራታቸው ይሻል ነበር።

አንድ የድሮ ጎረቤቴ እንኳ ዓይኔን ሳያይ በፊቴ ተሻግሮ ሄደለት። ስንቴ ነው ሞተሩን ከሌባ ያስጣልኩለት?

ማዶ ዋንዛ ሥር ቁጭ አልኩ። ድንኳን አልገባሁም። ገብቼም አላውቅ፣ ሁልጊዜ ከሞተሮቹ ጋር ነበርኩ። እጄን ኪሴ ስከት ባዶ ነው። የምይዘው ቢጠፋኝ መሐረቤን ያዝኩ።

አንድ ሞተር ቢጠፋበት... አንድ ብቻ። ጸሎት አልለውም። ግን ተመኘሁ። ጻፍኩትም፣ አልሰርዘውም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

በበዴሳ መንገድ ትልቅ ለቅሶ። ሰው በሰው ላይ። እንደ ባለፈው ከማዶ ተቀመጥኩ።

ቤዛዊት መጣች። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ አባቷ በተወላት ሞተር ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረች ከብት ታክማለች። አባቷ ወዳጄ ነበር። እያለቀሰች ቁልፏን ለጌታሁን ሰጠች፣ ቆርቆሮዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ገባች። ድንኳኑ በር ላይ ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ይላቀሳል፣ መተላለፊያ የለም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ወጣ። ጋቢ ተከናንቧል። ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ መሃል ላይ የተቆረጠ፣ የጭቃ ቦቲ ያደረገ። በአንድም ለቅሶ ላይ አይቼው አላውቅም። ቆርቆሮ ሰጠ። ጌታሁን ከሰው ጋር እያወራ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ቁልፍ ሰጠው። ሰውየው ሞተሮቹ መካከል ገባ። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ከመሪ መሪ ቁጥር ያነባል። የራሱን ሞተር በቁጥር የሚፈልግ ሰው አለ?

የቤዛዊት ሞተር ጋ ሲደርስ ቆመ።

ያኔውኑ አወቅሁ። "ያዙት" ለማለት ምን ይፈጃል? አፌ ላይ ነበር። ግን ልቤ ዘለለ... ፍርሃት አይደለም፣ ደስታ ነው። ወንድሟ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ወንድም እንደሌላት አውቃለሁ። ሞተሩ ተነሳ። በፊቴ ሲያልፍ ጭራሽ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም አጸፋውን መለስኩ።

ቤዛዊት ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ ደጋግማ ታገላብጥ ጀመር። ቋጠሮው ተፈቷል። ሰው አቅፋ እያለቀሰች ሳለ ነው የፈቱባት። ጌታሁን በሞተሮቹ መካከል ይሮጣል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ቁጥሩን አምጥቶ እኮ ነው! ቁጥሩን አምጥቶ..." ይላል ላገኘው ሁሉ።

እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

እድር ተሰበሰበ። ሰበብ ይደረድራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደረደረም። የራሱን ሞተር ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለቤዛዊት ሰጣት። "የኔ ጥፋት ነው። ከብቶቹ አይጠብቁሽም፣ ውሰጂው" አለ። ተቀመጠ። ቢከራከር ምናለ? ቢከራከር ይቀለኝ ነበር።

ክብረት ቆርቆሮዎቹን ሰብስቦ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። "በኤርካሎ ጊዜ መች እንዲህ ሆኖ ያውቃል" ሲባል ሰማሁ፣ ከአንድም ሦስት ቦታ። ቁልፍ መያዙ ወደ እኔ ተመለሰ። የፈለግሁት ይኸው... ታዲያ ለምን ቀና ማለት አቃተኝ?

ስንወጣ ቤዛዊት አጠገቤ መጣች። "አባባ፣ እርስዎ ማዶ ነበሩ። ሰውየውን አላዩትም? መልኩን ብነግራቸው ፖሊሶቹ እንፈልጋለን ብለዋል።"

"አላየሁም።"

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ጌታሁን በደጃችን በእግሩ አለፈ። ሾፌር ሲራመድ ያስታውቃል፣ መንገዱ ይረዝምበታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ አሁንም ቀናሁበት። በምኑ? ሁሉን አጥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ቁልፉን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ከመስኮት ጀርባ የምደበቀውም እኔ።

ትርፌ የተቀቀለ የቦይና ሥር አቀረበች። "የሜላት አባት፣ አንተ ፊት አትረሳም። ከሃያ ዓመት በፊት ገበያ ያየኸውን ሰው ትለያለህ። ይሄን ሌባ ብቻ እንዴት ሳታይ ቀረህ?"

ጨው አቀበለችኝ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ሄድኩ። መጀመሪያ ጌታሁን ቤት። ጓሮ እንሰት ይኮተኩታል። ይቀመጡ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም።

"አይቼዋለሁ" አልኩት። "ቆርቆሮውን ሲሰጥህም፣ ሞተሩን በቁጥር ሲፈልግም አይቻለሁ። ዝም ያልኩት አንተ እንድትዋረድ ብዬ ነው።"

መኮትኮቻውን መሬት ላይ አኖረ። "በቆርቆሮው ምክንያት?"

"በቆርቆሮው ምክንያት።"

ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ከቤቴ ይውጡ አልልዎትም፣ ሽማግሌ ነዎት። ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፣ እኔ ከኋላ እመጣለሁ። አብሬዎት ግን አልራመድም።"

እንዳለውም አደረገ። መንገዱን ሁሉ የጫማውን ድምፅ ከኋላዬ እሰማ ነበር።

ፖሊሱ ወጣት ነው። ቅንድቡን፣ ቦቲውን፣ ቁመቱን ሁሉንም ነገርኩት። "ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?"

"ቀንቼ።"

እስክሪብቶውን አቁሞ ቀና አለ። "ምን ብዬ ልጻፈው?"

"እንዳልኩህ።"

ከዚያ ክብረት ጋ፣ ከዚያ ቤዛዊት ጋ። ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ቃል። አላሳመርኩትም።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ከቤሌ ከተማ ተደወለ። ቅንድቡ የተቆረጠውን ሰው የሚያውቁ ተገኙ። ሞተሩ አንድ ግቢ ውስጥ ሣር ተከምሮበት ቆሞ ነበር። እስከ ማክሰኞ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም፤ ተፈታትቶ ተሸጦ ይሆናል ይላሉ። ሰውየውም የለም።

እስከ ማክሰኞ...

ማክሰኞ እኮ ቁጭ ብዬ ቦይና እበላ ነበር።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ሞተሬን ለቤዛዊት ወሰድኩላት። ሁለቱንም ቁልፍ። የጌታሁንን ሞተር ለጌታሁን እንድትመልስ ነገርኳት።

"እርስዎስ በምን ይሄዳሉ?"

"እግር አለኝ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መሪውን እየነካካች "አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይልዎት ነበር?" አለች።

"አያናግረኝም ነበር።"

"እኔም ገና ነኝ" አለችና ቁልፎቹን ተቀበለችኝ። አመሰግናለሁ አላለችም። ልክ ናት።

ወደ ማምሻው ክብረት መጣ። የለቅሶ ቤት ቁልፍ መያዙ ለጌታሁን ተመልሷል። ቆርቆሮ ያመጣም ፊቱ ሳይታይ ቁልፍ አይሰጠውም ተብሏል። ይህን የጨመረው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ራሱ ጌታሁን። የኔን ዘዴ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ... እሱ ሲያደርገው ደግሞ ያምራል። "መልካም" አልኩ። አንዲት ቃል እንዲህ ትከብዳለች?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ለቅሶ። በእግሬ ስለሆንኩ ዘገየሁ። ጌታሁን ሞተሮቹ ጋ ቆሟል። ሳያስበው ቁልፍ ሊቀበል እጁን ዘረጋልኝ፣ ባዶ መሆኔን ሲያይ መለሰው። ሁለታችንም አፈርን። "ይግቡ፣ ጋሽ ኤርካሎ" አለኝ። "ውስጥ ቦታ አለ።" ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረኝ ይህን ብቻ ነው።

ገባሁ። አግዳሚው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ፤ ለማክበር ይሁን ለመሸሽ አላወቅሁም። መዝሙሩን አብሬ አልኩ። የሟቹ ልጅ ስለ አባቱ ሲናገር ሰማሁ፤ ለሚስቱ ዘፈን የሚመስል ቅጽል ስም አውጥቶላት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ አላወቅሁም። አለቀስኩ።

ጆሮዬ ግን ውጭ ነው። ሞተር በመጣ ቁጥር የማን እንደሆነ ይለያል። ቅናቱ አልሄደም። ይሄዳል ብዬም አልዋሽም።

ከዚያ የኔ ሞተር ድምፅ መጣ። ቤዛዊት ናት። ዳገቱ ላይ ማርሽ ዘግይታ ቀየረች። ስታቆመው ይንተፋተፋል... ካርቡሬተሩ ቆሽሿል፣ ካልተጠረገ አንድ ቀን ገጠር ላይ ያቆማታል። ልነሳ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ። ጌታሁን ከውጭ "ነይ ልጄ፣ ቁጥርሽን አጥብቀሽ ያዢ" ሲላት ሰማሁ። እሷም የሆነ ነገር መለሰችለት፣ ሳቀ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የካርቡሬተሩን ነገር እሱ ይንገራት።