በስምህ ያስጮህኩት ክላክስ

የብርቄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፣ ምን ብለህ ትመልስልኛለህ! ለጦሩ ስንቅ ጭነህ ወደ ሰሜን ከወጣህ፣ ፈንጂውም ከነመኪናህ ከወሰደህ ሁለት ክረምት አለፈ። ሸዋሮቢት ሙቀቱም አቧራውም እንደተውከው ነው። ግቢያችን ያለችው ፓፓያ ደርቃ ቆረጥናት። እኔ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት እቸረችራለሁ። ልጅህ ስምንት ዓመቷን ያዘች፤ የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ጥፋቴን ልነግርህ ነው። ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ሲያረዱኝ ብርቄ ጣርማ በር እናቴ ዘንድ ነበረች። ለቅሶው እስኪያልቅ እዚያው አቆየኋት። ስትመለስ ጥቁሬን አውልቄ፣ ያንን ከአሰብ ያመጣህልኝን አበባ አበባ ቀሚስ ለብሼ ተቀበልኳት። አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ለሕፃን መርዶ አይነገርም አይደል የሚባለው? ጎረቤቱም ሁሉ ምስጢሬን ያዘልኝ።

እሷ ግን ክላክስህን ትጠብቃለች። ከጀውሃ ስትመጣ ድልድዩ ጋ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ታደርግ የለ? ያን ስትሰማ በባዶ እግሯ ትበር ነበር፤ አንተም ጋቢናው ላይ አውጥተህ መሪውን ታስይዛታለህ። ክላክሱ ሲጠፋባት እህል አልቀምስ አለች። ታዲያ እኔ ጅሏ ምን አደረግኩ መሰለህ! የሾፌር ጓደኛህን ሙሄን፣ በዚህ ባለፍክ ቁጥር እንደሱ አድርገህ አሰማልኝ ብዬ ለመንኩት። ተይ፣ ኋላ ይብስባታል ብሎኝ ነበር። አለቀስኩበትና እሺ አለኝ። ክላክሱ ሲሰማ፣ አባትሽ ቸኩሎ አለፈ እላታለሁ፤ ትስቃለች፣ ትበላለች። እኔም ልጄን አተረፍኳት ብዬ ደስ አለኝ።

ባለፈው ጥቅምት ግን ኬላው ላይ መኪኖቹን አቁመው ይፈትሹ ነበር። ክላክሱን ሰምታ ሮጠች፤ ጋቢናው ላይ ተንጠላጥላ ብትወጣ የተቀመጠው ሙሄ ነው። ምስኪን፣ መዋሸቱ አልሆነለትም፤ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ያን ዕለት ጥቁሬን መልሼ ለበስኩ፣ እውነቱንም ምዬ ነገርኳት። እንባ አላወጣችም። መኖሩንም እየማልሽ ነበር የነገርሽኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ ብላት አታምነኝም፤ የነጠላዬን ጫፍ ከቀሚሷ ጋር ቋጥራ ትይዘኛለች። ስድስት ሰዓት እመጣለሁ ካልኩ ሽንኩርቴን እንኳ በትኜ በሰዓቱ እደርሳለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ወይኔ ጉዴ! ከሐዘን ላድናት ብዬ እናቷንም አሳጣኋት።

አልረሳህም፤ ይህን እንኳ እመነኝ። እሷም አልረሳችህም። ዛሬም ከጀውሃ በኩል መኪና ሲመጣ በር ላይ ወጥታ ትቆማለች፤ ክላክስ እንዳትሰማ ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ።

የብርቄ እናት